የአስትሪዳ ብልቃጥ

ሌናርድ ሳምፓ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጓሮ ካለው ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚስቱን ሽንት ይጠብቃል። ዕድሜ ደጉ ምን የማያሳየው አለ! ሃምሳ ሰባት ዓመት ኖሮ፣ ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ከኪትዌ እስከ ዳሬሰላም መዳብ ሲያመላልስ ፈጅቶ፣ ሦስት ልጅ ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ፣ አሁን የማርማላታ ብልቃጥ ክዳን በእጁ ይዞ ቆርቆሮ በር ላይ እንደ ዘበኛ ተገትሯል። ብልቃጡን ትናንት ከሰዓት በኋላ በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቦ ፀሐይ ላይ አድርቆታል። አስትሪዳ ብልቃጡን ይዛ ከገባች ቆየች። ከውስጥ ግን ምንም የሚሰማ ነገር የለም።

«አንተ እዚያ ቆመህ እያዳመጥከኝ እንዴት ብሎ ይመጣል?» አለች በመጨረሻ። «ሂድ እስቲ ወደዚያ፣ የቺሰንጋ አባት! ኬላ ላይ ያለህ መሰለህ እንዴ?»

«ሚኒባሱ ያመልጠኛል፣ የቺሰንጋ እናት።»

«ያምልጥህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቀኸኝ የማታውቀውን ነገር ዛሬ ጠይቀህ፣ ደግሞ ታጣድፈኛለህ!»

ቺሰንጋ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ሉሳካ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። እሱ ከተወለደ ወዲህ ባልና ሚስቱ በስማቸው ተጠራርተው አያውቁም፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚያው ነው። ሌናርድ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ሙዙ ሥር ቆመ። ነገሩ ቢያስቅም እሱ ዛሬ የሚስቅበት አንጀት የለውም። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ የጤና ወረቀት ይፈልጋል፤ የድሮው ወረቀት ደግሞ በዚህ ሳምንት አልቆበታል። የመኪናው ባለቤት አቶ ሲቾኔ፣ በዕድሜ ከቺሰንጋ ብዙም የማይርቅ ሰው፣ ትናንት ስልክ ደውሎ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «ሽማግሌው፣ ነገ እስከ አሥር ሰዓት ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ካላየሁ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። መኪናው ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ ይነሳል» ብሎ ጆሮው ላይ ዘግቶበታል። ሌላ ሰው እንደሆነ ሞልቷል። ጠዋት ጠዋት የመኪና ማቆሚያው በር ላይ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው የሚኮለኮሉት ጎረምሶች ከሃያ አያንሱም። አንዴ ከመኪና የወረደ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሹፌር ደግሞ ተመልሶ መሪ አይጨብጥም፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ችግሩ ስኳር ነው። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ውሃ ጥሙ አልቆረጥ ብሎት፣ ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨምሮ፣ ከእንቅልፉ አምስቴ ስድስቴ እየተነሳ ሲሸና ከርሞ፣ አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ገብቶ ጣቱን ተወጋ። መድኃኒት ሻጯ ልጅ መሣሪያዋን ሁለት ጊዜ አየችና፣ «አባባ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» አለችው። አልሄደም። ሐኪም ዘንድ መሄድ መዝገብ ላይ መስፈር ነው፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስኳር ደግሞ ከከባድ መኪና ያስወርዳል ይባላል። ይባላል ነው እንጂ ከሹፌሮቹ አንድም ሰው ሄዶ የጠየቀ የለም። እሱም ለማንም አልተናገረም፣ ከአስትሪዳ በቀር። እሷም አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ በማግስቱ ስኳሩን ከሻይ ብርጭቆው አስቀረችና በቃ፣ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም።

የምርመራው ዋጋ እንደየቦታው ነው። ከተማው መሃል ያለው ባለመስታወት ክሊኒክ ዘጠኝ መቶ ክዋቻ ይጠይቃል፣ ደም ይቀዳል፣ ውጤቱም የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። የመንግሥቱ ይረክሳል፣ ሰልፉ ግን ከገበያ ቀን ይብሳል። የቺሌሼ ክሊኒክ ግን መቶ ሰማንያ ክዋቻ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ደም ብሎ ነገር የለም። ቺሌሼ ሐኪም ሳይሆን ጤና መኮንን ነው፣ ሹፌሮቹ ግን ዶክተር ይሉታል። ክፍሉ ከገበያው ጀርባ፣ የጎማ ጠጋኞቹ መደዳ ላይ ነው። የክሊኒኩ ሽንት ቤት ከተደረመሰ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ እስከሚሠራ ተብሎ በሩ ላይ «ሽንት ከቤት ይዛችሁ ኑ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ሽንት ቤቱ ሳይሠራ ወረቀቱ ፀሐይ መታውና ደበዘዘ። ከዚህች ወረቀት የተነሳ በሹፌሮቹ ዘንድ አንድ ልማድ ገባ። ስኳር ያለበት ሰው ከጤነኛ ዘመዱ ያስቀዳል። ማጭበርበር ነው ብሎ የሚያስብ የለም፤ ስሙንም «የቤት ውሃ» ብለውታል። የክሊኒኩ ዘበኛም የራሱን በሠላሳ ክዋቻ ይሸጣል፤ ግን ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ የሚጠጣ ስለሆነ የእሱን ይዞ የገባ ሹፌር ሁለት ጊዜ ጉድ ሆኗል።

አስትሪዳ ወጣች። የባሏን ሰፊ ነጠላ ጫማ ነው የተጫማችው፤ የራሷ ካልገባላት ሰነባበተ። ፊቷ ጠዋት ጠዋት እንደሚሆነው ዓይኗ ሥር ትንሽ አበጥ ብሏል። ብልቃጡን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ሰጠችው።

«እንካ። እኔ እንደሆንኩ ከወሊድ በቀር ሆስፒታል ተኝቼ አላውቅም። አጣርቼ ነው የሰጠሁህ!»

«አረፋ አለው» አለ ሌናርድ ወደ ብርሃኑ አቅርቦ እያየ። እውነትም አናቱ ላይ እንደ ቢራ አረፋ ቋጥሯል።

«ሳሙናውን ሳታለቀልቀው ነዋ! አንተና እጥበት መቼ ትተዋወቃላችሁ።» ከዚያ ሳቋን ትታ ክዳኑን ራሷ አጥብቃ ከደነችለት። «የሚሉህን ግን ደህና አድርገህ ስማልኝ፣ እሺ? እኔም በዚያው መመርመሬ አይደል። ከመጨረሻዋ ልጅ ወዲህ ሐኪም አይቶኝ አያውቅም።»

እሺ አላት። ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሚኒባሱ ውስጥ ከአንዲት ቲማቲም ነጋዴና ከመስኮቱ መሃል ተጣብቆ ሲሄድ ሙቀቱ ጎኑ ላይ ይሰማው ነበር። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ቲማቲም ነጋዴዋ አላስችል ብሏት፣ «ማር ነው፣ አባባ?» አለችው። «መድኃኒት ነው» አላት። «ለማን?» ስትለው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከክሊኒኩ ፊት ያለው አግዳሚ ሞልቷል። ሁሉም ብልቃጥ አለው፤ የውስኪ ጠርሙስ የያዘ፣ የሕፃን ጡጦ የያዘ፣ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ የያዘ። ኮስማስ ቦታ ለቀቀለት። ኮስማስ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ነው፣ ከሌናርድ ጋር አንድ ዘመን ረዳት ሆነው የጀመሩ ናቸው፤ ስኳሩ ከያዘው አራት ዓመት ሆኖታል፣ በየጊዜውም በቺሌሼ በኩል ያልፋል።

«የማንን ነው የያዝከው?» አለው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ።

«የቤቴን።»

«ጎሽ! እኔ የአማቴን ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የኛን ስኳር ታውቀዋለች መሰለህ! መንደሯ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት፤ ባለፈውም በሷ ነው ያለፍኩት። በዚህ ብቻ እንኳ ሴትየዋን ወድጃታለሁ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሌናርድም ሳቀ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከጎማ ጠጋኞቹ የሚመጣው የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ሰልፉ ግን ይሄዳል። ኮስማስ ከእሱ በፊት ገባና ወረቀቱን እያውለበለበ ወጣ። ትከሻውን መታ አድርጎት፣ «ግባ፣ አይዞህ፣ ዛሬ ደህና ተነስቷል» ብሎት ሄደ።

ክፍሏ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛንና አንድ የማይሠራ ማቀዝቀዣ ይዛ ሌላ ቦታ አልተረፋትም። ቺሌሼ አርባ ዓመት የሞላው፣ የመነጽሩን እጀታ በፕላስተር ያሰረ፣ ለሰው ሁሉ ትሑት የሆነ ሰው ነው። ርካሽ ነው ብለው ቢያሙትም ሥራውን አይዘልም፤ መለካት ያለበትን ሁሉ ይለካል። ሌናርድን ሚዛን ላይ አወጣው። «ባለፈው ሰማንያ ነበሩ፣ አባባ፣ ዛሬ ስልሳ ስምንት» አለው። «ኑሮ ነው» አለ ሌናርድ። ከማቀዝቀዣው በላይ የተለጠፉትን ፊደሎች እስከ አምስተኛው መስመር አነበበ። ጉልበቱን በትንሿ መዶሻ ተመታ። ክንዱን በጨርቁ ታስሮ ደም ግፊቱን ተለካ፤ «የጎረምሳ ግፊት ነው ያለዎት» ተባለ። ከዚያ ብልቃጡ ተከፈተ። ቺሌሼ ቀለማም አራት ማዕዘኖች የተደረደሩባትን ቀጭን ዘንግ ነክሮ አወጣና ከሳጥኑ ጎን ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር አስተያያት።

«ስኳር የለም» አለ።

ሌናርድ አሁኑኑ ተነስቶ ሰውየውን ሊስመው ምንም አልቀረውም። ቺሌሼ ግን ዘንጓን አላስቀመጠም። ወደ መስኮቱ ወሰዳት፣ መለሳት፣ እንደገና ወሰዳት። ከዚያ ሌላ ዘንግ ከሳጥኑ አወጣ። ዘንጎቹን ከሌላ አገር በውድ ዋጋ ነው የሚያስመጣቸው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሲያወጣ ማንም አይቶት አያውቅም።

«ምነው፣ ዶክተር?»

«እስቲ ይቆዩ።» ሁለተኛዋን ነከረ። ሁለተኛዋም ከፊተኛዋ አልተለየችም። «ይሄ ብልቃጥ በደንብ ታጥቧል?»

«ሦስት ጊዜ። ትንሽ ሳሙና ቀርቶበት ይሆናል።»

«ሳሙና እንዲህ አያደርግም።» ወንበሩን ስቦ ከፊቱ ተቀመጠና ዘንጓን አሳየው፤ ቢጫ መሆን የነበረባት አራት ማዕዘን ድፍርስ አረንጓዴ ሆናለች። «ይህች ፕሮቲን የምትለካው ናት፤ ከዚህ የባሰ ቀለም ሰንጠረዡ ላይ የለም። ደምም አለበት። አባባ፣ ኩላሊትዎ ታሟል፤ ዛሬ የጀመረ ነገርም አይመስለኝም። እግርዎ ያብጣል?»

ሌናርድ እግሩን አየ፤ እንደ ማገዶ የደረቀ እግር ነው። በዓይኑ የመጣው ግን የራሱን ነጠላ ጫማ የሞላው የአስትሪዳ እግር ነበር። «አዎ» አለ።

«ፊትዎስ? ጠዋት ጠዋት?»

«አዎ። ጠዋት ጠዋት። ዓይን ሥር።»

«ድካም? ምግብ እምቢ ማለት?»

«ደረጃ ስትወጣ... ስወጣ ይደክመኛል። ምግብም ትንሽ ነው።»

«ማስታገሻ ይወስዳሉ?»

«ለወገብ። በቀን ሦስት፣ አራት። ከሱቅ።»

«ያቁሙ! ዛሬውኑ ያቁሙ። ጨውም እንዳይቀምሱ። በዚህ ሳምንት ትልቁ ሆስፒታል ሄደው ደምዎ መታየት አለበት። ጊዜው ካላለፈ በመድኃኒት ይያዛል፤ ካለፈ ግን ደም የሚያጣራ ማሽን ላይ መተኛት ነው፣ የማሽኑን ነገር ደግሞ እንኳን እርስዎ እኔም አልችለውም።» ይህን ብሎ ጎንበስ አለና የሌናርድን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጫነው። አልሰረጎደም። ሌላውን እግር ተጫነ። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ ፊቱን አየው። ከዚያ ብልቃጡን አየ።

«አባባ ሳምፓ፣ እዚህ ቤት የሚመጣውን ነገር ሁሉ አላውቅም ብዬ አልዋሽዎትም። ይሄ የሌላ ሰው ከሆነ አሁን ይንገሩኝ። የእርስዎን ወረቀት መፈረም አልችልም፣ የባለቤቱን ስም ግን ጽፌ ለሆስፒታሉ እልካለሁ፣ ቶሎ ይታያል። የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከቀኑ ስምንት ይላል። ከዚህ እስከ ሲቾኔ ቢሮ ሁለት ሚኒባስ ነው። ሌናርድ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፣ በእውነት ሊናገር ነበር፤ «የሚስቴ ነው» የሚሉት ሁለት ቃላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ግን ወረቀታቸውን በፌስታል የያዙት ጎረምሶች በፊቱ ድቅን አሉበት። ቁልፉን ሲቀበሉ አያቸው። ራሱን ደግሞ ሙዙ ሥር ተቀምጦ፣ ከቺሰንጋ የሚላክ ነገር ሲጠብቅ አየው።

«የእኔ ነው» አለ።

ቺሌሼ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸ። «እንግዲያው ይህን ይዘው መንዳት አይችሉም። ልፈርምልዎ አልችልም።»

ከዚያ በኋላ ሌናርድ የለመነውን ልመና እናቱንም ለምኖ አያውቅም። «አንድ ጉዞ ብቻ» አለ። «ሦስት ሳምንት ብቻ።» «በመሃል መንገድ ላይ ሐኪም አለ» አለ። ለመንገድ የያዛትን ሁለት መቶ ክዋቻ አውጥቶ ከብልቃጡ ጎን አስቀመጠ፤ ቺሌሼ ገንዘቡን አላየም፣ ግን ይመለስም አላለም። ውጭ አግዳሚው ላይ ያሉት ተሰላችተው ማሳል ጀምረዋል። ቺሌሼ ቆይቶ ቆይቶ ማህተሙን ከመሳቢያው አወጣ።

«በልጅዎ ይማሉልኝ። ከጉዞ እንደተመለሱ በቀጥታ ሆስፒታል።»

«ቺሰንጋን።»

«ይሄን ነገር ችላ ካሉት፣ አባባ፣ የዛሬ ሁለት ዓመቱን ወረቀት እዚህ መጥተው አይወስዱም። በግልጽ ነው የምነግርዎት።» ፈረመ፣ ማህተሙን መታ። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ሪፈር ጻፈለት። ስሙን ሲጽፍ ሌናርድ ተመለከተው፤ ሌናርድ ሳምፓ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት፣ ወንድ። ብልቃጡን ከነፌስታሉ መለሰለትና የሚቀጥለውን ጠራ።

ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ቦይ ላይ ቆሞ ብልቃጡን ሲደፋው አረፋው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሄደ። ብልቃጡን ሊወረውር ነበር፤ የአስትሪዳ ማርማላታ ማኖሪያ ነው ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። በሚኒባሱ ውስጥ የሚያስበውን አያውቅም። ሲቾኔ ቢሮ የደረሰው ለአሥር ሰዓት ሩብ ሲቀረው ነው። ሲቾኔ ስልክ እያወራ ነበር። ወረቀቱን በግራ እጁ ተቀብሎ አንድም መስመር ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው፣ ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ ገፋለት፣ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ፣ «ሽማግሌው አሁንም ጎረምሳ ነህ!» አለና ወደ ወሬው ተመለሰ። ወረቀቱ ለዚህ ነበር። ግቢው በር ላይ አንዱ ጎረምሳ «አለፍክ፣ አባባ?» ብሎ ጠየቀው። አዎ ሲለው ልጁ አንገቱን ደፋ፣ የሌናርድም አንገት አብሮት ተደፋ።

ወደ ቤት በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ ነገሩን አሳመረው። ሦስት ሳምንት ምን አላት? ከጉዞው የሚያገኘውን ይዞ ባለመስታወቱ ክሊኒክ ይወስዳታል፤ እንደ ሰው ተቀምጣ፣ እንደ ሰው ተመርምራ። ዛሬ ቢነግራት ግን መጀመሪያ የምትለው «ታዲያ አንተ እንዴት አለፍክ?» ነው። ያን ጥያቄ መመለስ አይችልም። ሲመለስ ይነግራታል። ሰው ለራሱ ሲዋሽ እንዴት እንደሚቀናው! ሰፈሩ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ እንደተስተካከለ አድርጎት ነበር።

አስትሪዳ ማጀቱ በር ላይ የዱባ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ገና ከሩቅ ስታየው ሳህኑን አስቀምጣ ተነሳች፤ ለመነሳት ግድግዳውን መደገፍ ነበረባት።

«እህስ? ምን አሉኝ?»

ምን አሉህ አላለችም። ሌናርድ ቁልፉን አውጥቶ አሳያት። «አለፍኩ።»

«እሱንማ ከአረማመድህ አውቄዋለሁ። የእኔን ነው የምጠይቅህ። ውሃዬን ምን አሉት?»

«ንጹህ ነው» አላት።

«ምንም የለውም?»

«ምንም። ስኳርም የለው፣ ሌላም የለው።»

አስትሪዳ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። የምትስቅ መስሎት ነበር፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለችና ነጠላ ጫማውን አወለቀች። እግሯ ላይ የማሰሪያው ቅርጽ እንደ ቦይ ጎድጉዶ ቀርቷል። «አሁን ልንገርህ» አለች። «ፈርቼ ነበር። ላንተ ልነግርህ አልፈለግኩም፣ የራስህ ይበቃሃል ብዬ። ይሄን እግር አየኸው? እናቴም ስትጀምር እንዲህ ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶች ሐሙስ ሆስፒታል ሊወስዱኝ ተነጋግረን ነበር፤ ገንዘብ ሁሉ አዋጥተውልኛል። ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቃለህ? አምላኬ ሆይ፣ በዚህች ብልቃጥ የሁለታችንንም ነገር ጨርስ አልኩት።» በመቀነቷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ገንዘቡን እመልስላቸዋለሁ። የሎቬነስ ልጅ ታሞ የለ፣ ለእሱ ይሁን።»

ሌናርድ ማጀቱ በር ላይ እንደቆመ ቀረ። «ሐሙስ ግን... ለማንኛውም ሂጂ» አላት።

«ለምን? ንጹህ ነው አላሉም?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ሰልፍ ልጠብቅ?» ሳቀች። «ደክሞህ ነው እንጂ ደስ ሊልህ ይገባ ነበር። አሁን ሄጄ ለሎቬነስ ልንገራት። ስለ ብልቃጡ አልነግራትም፣ አትፍራ።»

እሷ በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን ሎቬነስን ስትጠራ እሱ ገባ። መስኮቱ ላይ የአስትሪዳ ማስታገሻ ክኒን ማሸጊያ አለ፣ ሁለት ፍሬ ቀርቶታል። አነሳው። ኪሱ ከተተው፣ ከሪፈሩ ጋር። ሱቁ ሃያ እርምጃ ላይ እንደሆነ ግን ያውቃል። ምን ላድርግ፣ ምን ላድርግ እያለ ቤቱ ውስጥ ተንጎራደደ፤ አልጋውን አየ፣ የልጆቹን ፎቶ አየ፣ የምድጃውን ድስት አየ። አስትሪዳ ተመልሳ ገብታ የበቆሎ ዱቄቱን ስታነሳ ቀደም አለና፣

«ዶክተሩ ጨው ከልክሏል» አላት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ማንን?»

ዓይኗን ማየት አልቻለም። «እኔን። ደም ግፊት አለህ አለኝ። ጨው በዚህ ቤት ባይገባ ጥሩ ነው አለ። ጨርሶ።»

«ውይ፣ የኔ ጌታ! ስኳሩ አንሶህ ግፊት ደግሞ?» እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች፣ እንደ ልጅ። «አይዞህ። ጨውን ማን ያስበዋል። እኔ አለሁ አይደል።»

እሷ ቆማ ንሺማውን፣ የበቆሎውን ገንፎ፣ በትልቁ የእንጨት ማማሰያ ታማስላለች፤ በየመሃሉ አረፍ እያለች በአፏ ትተነፍሳለች። እሱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ጀርባዋን ያያል። የዱባ ቅጠሉ በለውዝ ተሠርቷል፣ ካፔንታ የምትባለዋ ደቃቅ ዓሣ ተጠብሳለች። ነገ ንጋት ላይ ይሄዳል። አሁን ቢናገር ይሆናል፤ ገና ሐሙስ አልደረሰም፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። አሁን፣ ማማሰያውን ስታስቀምጥ። አሁን፣ ውሃ ለእጁ ስታመጣለት።

ውሃውን አመጣች። እጁን ታጠበ። ከዚያ ከምድጃው ሁለት ትናንሽ ድስቶች አንስታ መጣች፤ እስካሁን ሁለት መሆናቸውን ልብ አላለውም ነበር። አንዱን በፊቱ አስቀመጠች።

«ይሄ ያንተ ነው። ለብቻ ነው የሠራሁልህ፣ ጨው የሚባል አልነካውም። ሽንኩርቱን አብዝቼበታለሁ፣ እንዲጥምህ።» ሁለተኛውን ወደ ራሷ ሳበች። ከመደርደሪያው የጨዉን ቆርቆሮ አውርዳ በጣቶቿ ቆንጥራ ነሰነሰችበት፣ ቀመሰችና አንድ ጊዜ ደግማ ቆነጠረች። «እኔስ እግዜር ይመስገን፣ ንጹህ ተብያለሁ። ለዛሬ ሁለት ዓመቱም አታስብ፣ ብልቃጡን ብቻ ደህና አድርገህ እጠብ፤ አለሁልህ።»

ሌናርድ ከንሺማው ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ከራሱ ድስት አጠቀሰ። ምግቡ ምንም ምንም አይልም።

«ይጥማል?» አለችው አስትሪዳ በሙሉ አፏ።

«ይጥማል» አላት።